እድር በጎርፍ ቀን፦ የድሬዳዋ እድርና አፎቻ ለአካል ጉዳተኛ አባል ምን ያህል ይደርሳል?

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሲሞት ብዙም ሳይቆይ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ብረት ድስት ይጣዳል፣ ወጣቱ ቃሬዛ ይዞ ይደርሳል። ይህን የሚያደርገው እድር ነው፤ በሐረሪውና በኦሮሞው ዘንድ ደግሞ አፎቻ። ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማኅተም፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሰውና ዕቃ በአንዴ የሚያንቀሳቅስ ሌላ ነገር ሰፈር ውስጥ የለም። ታዲያ ይኸው አገልግሎት ሰው ከመሞቱ በፊት ሲፈተንስ? ውሃ ሲመጣ ወይም ቤት ሲቃጠል መራመድ የማይችለውን፣ የማይሰማውን፣ የማያየውን አባል ለማውጣት ይበቃል?

ውጤቱን ከፊት እንናገር፦ ከአምስት ሁለት ተኩል። ዕቃው አለ፣ ሰው አለ፣ ልማዱም አለ። የጎደለው የስም ዝርዝርና ልምምድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ድንኳን ኪራይ ያነሰ ወጪ አላቸው።

ለድሬ ልጅ ደቻቱን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን በአጭሩ። ደቻቱ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ቢሆንም አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ነጋዴ ሸቀጡን ያነጥፍበታል። ውሃው የሚወርደው ከደቡብ፣ ከደንገጎ ተራሮች በኩል ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው በተኛበት የደረሰው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ፈጅቶ ሺዎችን ከቤት አፈናቅሏል። ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ፣ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ጤነኛ ጎልማሳ ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፦ በደቻቱ ማዶ ያለ ረዳት ረዳት አይባልም። ውሃው ሲወርድ በግራና በቀኝ ያሉት ሰፈሮች፣ ከዚራና መጋላ፣ ሁለት ከተማ ይሆናሉ። የእድሩ ዳኛ ከዚራ፣ ንብረት ያዡ መጋላ፣ ዊልቸር የሚጠቀመው አባል ገንደ ቆሬ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ እድሩ የለም ማለት ነው።

ዕቃ ቤቱ

የእድር ዕቃ ቤት ሲከፈት የሚታየው የታወቀ ነው፦ የተጠቀለለ ድንኳንና የብረት ቋሚዎቹ፣ አግዳሚ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ድስትና ሳፋ፣ ጀሪካን፣ በጆንያ የታሰረ ሰሐን፣ አምፖል ከነገመዱ፣ ጥግ ላይ የቆመ ቃሬዛ። አንድ የተፈናቃይ መጠለያ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሚያስፈልገው አብዛኛው እዚያ ተቀምጧል። እዚህ ላይ ለእድር ሙሉ ነጥብ እንሰጣለን።

ነጥቡ የሚቀነሰው ቁልፉ ላይ ነው። ቁልፍ ያዡ አንድ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ለሠርግ ሐረር ሄዷል። ሦስት ቁልፍ ይቀረጽ፤ አንዱ ቀን ቀን ከቤት የማትጠፋ አንዲት እናት እጅ ይቀመጥ። የዕቃ ቤቱ ቦታም ይታይ። በርካሽ ተገኘ ተብሎ ወንዝ ዳር የተከራየ ዕቃ ቤት መጀመሪያ የሚጥለቀለቀው ራሱ ነው። ቦታ መቀየር ካልተቻለ ድንኳኑና አምፖሉ ከወለል አንሥቶ ብሎኬትና ጣውላ ላይ መስቀል፣ ሰሐኑን ከታች መተው። ሰሐን ታጥቦ ይመለሳል፤ የረጠበ ድንኳን ግን በድሬ ሙቀት በሦስት ቀን ይሻግታል።

ጥሪው

ጥሩንባው ላይ ሁለት ችግር አለ። አንደኛው፣ የእድር ጥሩንባ ከተነፋ ሞት ነው። ሰው ነጠላውን ፈልጎ፣ «ማን ይሆን?» እያለ በዝግታ ይወጣል እንጂ አይሮጥም። ስለዚህ ለአደጋ የተለየ አነፋፍ ያስፈልጋል፦ ሦስት አጭር፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና ሦስት አጭር። ይህ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ከተነፋ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይለዩታል። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ከጥሩንባ የበለጠ ርቀት ይደርሳል፣ ማየት ለተሳነው ሰውም ከሁሉ የተሻለ እሱ ነው፤ ነገር ግን ዝናብ ሲያጉረመርም መብራት ይጠፋል፣ ሞንታርቦውም ዝም ይላል። በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ አንድ ይገዛ። መልእክቱ ከአሥር ቃል አይብለጥ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ አስቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍበት። «ጎርፍ መጥቷል» ብቻ አይበቃም፤ ወዴት እንደሚወጣ ይጨመርበት።

ሁለተኛው ችግር፣ መስማት የተሳነው አባል ይህን ሁሉ አይሰማም። ብዙ እድሮች «በስልክ መልእክት እንልክለታለን» ይላሉ። የጽሑፍ መልእክት ቀን ላይ ጥሩ ነው፤ ሌሊት ግን ስልኩ ትራስ ሥር በንዝረት ካልተቀመጠ፣ ኔትወርክም ከተጨናነቀ ዋጋ የለውም። የሚሠራው መንገድ የቆየው ነው፦ ሰው ገብቶ ይቀስቅሰው። ለዚህ የበሩ ቁልፍ ትርፍ ኮፒ በሁለት ጎረቤት እጅ ይኑር፣ በሩም ሌሊት ከውስጥ በመቀርቀሪያ አይዘጋ፤ የድሬ የብረት በር በትከሻ አይገነጠልም። የገባው ሰው ፊት ላይ ባትሪ አያብራ፤ ፍራሹን በእግር በኩል መታ መታ አድርጎ ትከሻውን ይንካ፣ ከዚያ ባትሪውን ወደ ራሱ ፊትና እጅ ያዙር። ምልክት የሚታየው፣ ከንፈርም የሚነበበው ያኔ ነው። አራት ምልክት መማር ይበቃል፦ ውሃ፣ እሳት፣ ውጣ፣ ተከተለኝ። አስተማሪው ደግሞ አባሉ ራሱ ነው፤ ከመጽሐፍ የተማረ ጎረቤት ብዙ ጊዜ እዚያ ቤት የማይሠራበትን ምልክት ያሳያል።

ዝርዝሩ

እዚህ ላይ እድር ዜሮ ያገኛል፤ ዜሮውም ይገባዋል። መዝገቡ ላይ ያለው የቤቱ አባወራ ስም፣ የከፈለበት ወርና ቅጣቱ ነው። በዚያ ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የዋለች ልጅ መኖሯን ሁሉም ያውቃል፣ መዝገቡ ግን አያውቅም። «ሁላችንም እናውቃለን» ደግሞ ጸሐፊው በሌለበት ሌሊት ማንም አያውቅም ማለት ነው።

አንድ ገጽ ለአንድ ሰው ይበቃል። በላዩ የሚጻፈው፦ ስም፣ የቤቱ አቅጣጫ በምልክት ቦታ፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ እንዴት ሊያዝ እንደሚፈልግ፣ ፈጽሞ መነካት የሌለበት የሰውነት ክፍል፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ ቦርሳው የተንጠለጠለበት ቦታ፣ ቁልፍ የያዙት ሁለት ሰዎች። «እንዴት ሊያዝ እንደሚፈልግ» የሚለውን መስመር ብዙዎች ይዘሉታል፤ ከሁሉ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ወጣት እንግዳ ሰው ሲጎትተው ወደ ቤት ተመልሶ ሊደበቅ ይችላል፤ የእናቱን ሻርፕ ወይም የሚወደውን ኳስ ይዞ የሚጠራው ሰው ግን ያስከትለዋል። ይህ ገጽ ላይ ካልተጻፈ አዳኙ በጨለማ ውስጥ ሊገምተው አይችልም።

ገጹ የሚሞላው ሰውየው ወይም አሳዳጊው ሲፈቅድ ነው። ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ በቴሌግራም ግሩፕም አይለቀቅም፤ ብቻዋን የምትኖር ዓይነ ስውር ሴት ቤት የት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ለሌባም ካርታ ነው። ሦስት ኮፒ በታሸገ ፖስታ፦ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢዋ። እድሳቱ በዓመት ሁለቴ፣ ከበልጉ በፊት በየካቲት፣ ከክረምቱ በፊት በሰኔ።

ለአንድ ሰው ሦስት ረዳት ይመደብ። አንዱ ቀን ቤት የሚውል፣ አንዱ ማታ ሰፈር የሚገኝ፣ አንዱ ጎርፉ የማይደርስበት ከፍታ ላይ የሚኖርና የሚቀበል። ምደባው ላይ አንድ የድሬ ነገር አይረሳ፦ ከቀትር በኋላ ከተማው በሩን ዘግቶ በርጫ ላይ ነው። ስልክ ይነሣል፣ ግን እግር አይነሣም። ለዚያ ሰዓት የሚመደበው የማይቅም ሰው ይሁን፤ በቀልድ የተነገረ እንዳይመስላችሁ። ለሴት አባልም ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ፤ በሌሊት ልብስ ያለችን ሴት አንሥቶ ለማውጣት ወንዱ ሲያመነታ ደቂቃው ይሄዳል።

ማንሣትና መግፋት

በጎ ፈቃድ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዊልቸር በአሸዋ ላይ ወደ ፊት ሲገፋ የፊት ትንንሽ ጎማዎቹ ይሰምጣሉ፣ ወንበሩ ይቆማል፣ የተቀመጠው ሰው በአፍጢሙ ይደፋል። ዘዴው ማዞር ነው፦ ወንበሩን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ ትንሽ አጋድሞ፣ ወደ ኋላ እየሄዱ መጎተት። ሁለተኛ ሰው ካለ ከእግር ማስቀመጫው በላይ ያለውን ቋሚ ብረት ይዞ ያግዛል። ኮብልስቶን ላይም የፊት ጎማው በድንጋዮቹ መካከል ሲገባ ዘዴው ያው ነው።

ደረጃ ላይ ሲወጣ ጀርባው ወደ ላይ፣ ሲወርድ ፊቱ ወደ ታች፤ ሁልጊዜ ጠንካራው ሰው ከኋላ። የሚያዘው የማይነቀለው ብረት ብቻ ነው። የክንድ ማሳረፊያውና የእግር ማስቀመጫው በአብዛኛው ተነቃይ ናቸው፤ በእነሱ የተነሣ ወንበር መሃል ደረጃ ላይ እጅ ላይ ይቀራል፣ ሰውየው ይወድቃል። ይህን ስሕተት አራት ጎረምሶች በአንድ ጊዜ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ስለዚህ ከማንሣት በፊት «የትኛው ይነቀላል?» ብሎ ባለቤቱን መጠየቅ። ተራው ታጣፊ የብረት ዊልቸር ብቻውን 17 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ሰውየው 60 ኪሎ ቢሆን ሁለት ሰው ደረጃ ላይ አይበቃም፤ ሦስት ይሁኑ፣ ወይም ሰውየውን ለብቻ፣ ወንበሩን ለብቻ።

ወንበሩን ትቶ መሸከም የግድ ሲሆን ሽርጥ ከሁሉ የቀረበ መሣሪያ ነው። ድርብ ተደርጎ ከጭኑ ሥር ይገባል፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ጫፉን ጠቅልለው ይይዛሉ፣ ሌላው እጃቸው ጀርባውን ይደግፋል። ያረጀ ሽርጥ ይቀደዳል፤ ለልምምድም ለአደጋም አዲሱ ይውጣ። በብብት አንጠልጥሎ መጎተት ግን ክልክል ነው፤ ስትሮክ የመታው ሰው የደከመ ትከሻ በዚያ ይወልቃል። የጀርባ አጥንት ጉዳት ያለበት ሰው እግሩ ሲላጥ አይሰማውም፣ በሦስተኛው ቀን ቁስል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ መቀመጫ ትራሱ ከሰውየው ተለይቶ አይቅር። ልብስ ቢረሳ ይገኛል፤ የትራስ እጦት ያመጣው የመቀመጫ ቁስል ግን ወራት ያስተኛል።

ዓይነ ስውርን አይገፉትም፣ በትሩንም አይይዙበትም። ክንዳችሁን ስጡት፣ ከክርናችሁ በላይ ይይዛችኋል፣ ግማሽ እርምጃ ከኋላ ይከተላል። ውሃ ውስጥ ነጭ በትር ጥልቀት ይነግራል እንጂ ከሥር ያለውን ክፍት ቦይ በጊዜ አያሳውቅም፤ ስለዚህ አፍ መሥራት አለበት፦ «ደፍ አለ»፣ «ወደ ግራ ቦይ»፣ «ሁለት ደረጃ ወደ ታች»። «ተጠንቀቅ!» ብቻ ብሎ መጮህ ምንም አይነግርም።

ስለ ጎማ ጥቂት። በነፋስ የሚሞላው ለአሸዋና ለኮብልስቶን ይመቻል፣ የግራር እሾህ ግን ጠላቱ ነው። ድፍኑ አይተነፍስም፣ አሸዋ ላይ ግን ይከብዳል፣ ኮብልስቶን ላይም ወገብ ይንጣል። ለድሬ የምንመርጠው ከኋላ በነፋስ የሚሞላ፣ ከፊት ድፍንና ሰፋ ያለ ነው፤ ከወንበሩ ኪስ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ፓምፕና ለጣፊ። ሰፈር ያለ ጎሚስታ ይጠግነዋል። የፊት ጎማው ኩሽኔታ ውስጥ አሸዋ ይገባል፣ አክሰሉ ላይም ፀጉርና ክር ይጠመጠማል። በወር አንዴ በመርፌ አውጥቶ ግራሶ መቀባት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ካልተደረገ ወንበሩ በሚሮጥበት ቀን ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ቃሬዛው

እድር ሁሉ ቃሬዛ አለው፤ አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር በቅርብ አይገኝም። ችግሩ ግን በጀናዛ ቃሬዛ ላይ ሕያው ሰው አይተኛም። «ሟርት ነው» ብላ አንዲት እናት ልጇን አታስጭንም፤ በዚያ ሰዓት ክርክር መግጠም ደግሞ ሞኝነት ነው። ሌላ ይሠራ፤ ቀለሙም የተለየ ይሁን፣ ለምሳሌ ብርቱካናማ። በያጅ ጋር ሁለት የውሃ ቧንቧ ብረት፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ20፣ በመካከሉ ወፍራም የድንኳን ሸራ፣ ስፋቱ 55 ሴንቲ ሜትር፤ ከዚያ ከሰፋ በመጋላ ጠባብ መተላለፊያ መዞር ያቅታል። ሸራው በብረቱ ላይ ተጠቅልሎ በድርብ ይሰፋ፤ በሽቦ የታሰረ ይተረተራል። የሞተ ሰው አይወራጭም፣ ሕያው ግን ይወራጫል፤ ስለዚህ ሦስት ማሰሪያ፦ ደረት ላይ፣ ዳሌ ላይ፣ ከጉልበት በላይ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ የመቀመጫ ቀበቶ ለዚህ ይሆናል። አንገት አካባቢ ማሰሪያ አይደረግም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ጉዞ ላይ ከተነሣበት መሬት ላይ ማሳረፍ፣ ማሰሪያውን መፍታት፣ በጎን ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት።

ባጃጅ

ሰው ከአካባቢው የሚወጣበት መኪና ድሬ ላይ ባጃጅ ነው፣ ስለዚህ ከእድሩ አገልግሎት ጋር አብረን መዝነነዋል፤ ሦስት ተኩል ይገባዋል። በየጥጉ አለ፣ ጠባብ መንገድ ይገባል፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዊልቸር ወደ ውስጥ መሸጋገር ከሚኒባስ እጅግ ይቀላል። አካሄዱ፦ ባጃጁ ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ዊልቸሩ ጎን ለጎን ትንሽ ገደድ ብሎ ይጠጋ፣ ፍሬኑ በሁለቱም በኩል ይያዝ፣ የእግር ማስቀመጫው ይነሣ፤ ሰውየው እጁን መቀመጫው ላይ አሳርፎ ይሻገራል ወይም በሽርጡ ያሻግሩታል። ወንበሩ ታጥፎ ከኋላ በገመድ ይታሰራል፤ ጎማው መሬት እንዳይነካ ከፍ ተደርጎ፣ ሁለት ቦታ ላይ። የማይታጠፍ ወንበርና የኤሌክትሪክ ዊልቸር በባጃጅ አይሄዱም፤ የዚህ ባለቤት ፒክአፕ ያለው ሰው ስልክ ገጹ ላይ ይጻፍለት።

ነጥቡን ያጎደለው ውሃ ነው። ባጃጅ ቀላል ነው፣ ሦስት እግር ነው፣ በሚፈስ ውሃ ውስጥ ይገለበጣል። አሽከርካሪው «ትንሽ ነው፣ አልፋለሁ» ካለ መውረድ ነው። ከሁለት አሽከርካሪ ጋር አስቀድሞ ስምምነት ይኑር፤ ሁለቱም ከደቻቱ ወዲህ የሚያድሩ፣ ሒሳቡን እድሩ የሚከፍል። በዚያ ሌሊት ዋጋ ድርድር ውስጥ መግባት የለም።

አምቡላንስ ሲያስፈልግ የቀይ መስቀል 907 ይደወላል። ደዋዩ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይበል፦ ቦታውን በታወቀ ምልክት፣ ሰውየው መራመድ አለመቻሉን፣ ከደቻቱ በየትኛው ወገን እንዳለ። ሦስተኛው ከተረሳ መኪናው የተዘጋ መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል።

መጠለያው

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሳምንት ነው፣ እድርም ጠንካራ የሚሆነው እዚህ ነው፤ ማብሰል፣ ማደርና ማጽናናት ያውቅበታል። መጠለያ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ነው። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624/2001፣ አዝዟል፤ የቆየ ትምህርት ቤት ደፍ ግን አዋጅ አላነበበም። 15 ሴንቲ ሜትር ደፍ ሰው ብቻውን እንዲወጣው 1 ሜትር ከ80 የሚረዝም መወጣጫ ይፈልጋል፣ አንድ ቁመት ለአሥራ ሁለት ርዝመት። ሁለት ወፍራም ጣውላ ከሥሩ ተጋድሞ፣ ላዩ ላይ ላሜራ ተመትቶ ይሠራል። ላሜራው ለስላሳ ከሆነ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ቀለም ሳይደርቅ አሸዋ ይነስነስበት።

መጸዳጃው ላይ ግን እድሮች ይወድቃሉ፣ ስለማይወራበት ይመስለናል። ጉድጓድ ላይ መቀመጥ የማይችል ሰው ላለመሄድ ሲል ውሃ መጠጣት ያቆማል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይህ በሁለተኛው ቀን ያሳምማል። መፍትሔው በእድሩ ወንበሮች ውስጥ አለ፦ ሁለት ተመሳሳይ የፕላስቲክ ወንበር አንዱ ባንዱ ውስጥ ተደራርቦ፣ መቀመጫው መሃል ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ክብ ይቆረጣል። ጠርዙ በመጋዝ ከተቆረጠ በኋላ በአሸዋ ወረቀት ይለስልስ፣ አለበለዚያ ቆዳ ይቆርጣል። አንድ ወንበር ብቻውን ከተቆረጠ ይሰነጠቃል፤ መደራረቡ ለዚያ ነው። እግሮቹ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንዳይንሸራተቱ ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ የተቆረጠ ጫማ ይልበሱ። መጋረጃው የድንኳኑ ጫፍ ነው፤ በሩ ዊልቸር እንዲያስገባ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይጥበብ።

የጀርባ አጥንቱ ከደረት በላይ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች አያልብም። ስለዚህ ሌላው ሰው «ሞቀ» በሚልበት ድንኳን ውስጥ እሱ ሊታመም ይችላል። ጥላ፣ በእርጥብ ጨርቅ አንገትና ደረት ማቀዝቀዝ፣ ማራገቢያ። ይህ በሠንጠረዥ ተጽፎ የተረኛው እጅ ላይ ይሁን።

የግል ቦርሳው በር ጀርባ ተንጠልጥሎ ይቆያል፦ የሰባት ቀን መድኃኒት ከነማዘዣው ፎቶ ኮፒ፣ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) እና ጓንት ለሚጠቀም፣ ፊሽካ፣ ባትሪ፣ የመስሚያ መሣሪያ ትርፍ ባትሪ፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ አንድ ሽርጥ፣ መታወቂያ በላስቲክ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ በርትቶ ይነሣል፤ በየሁለት ወሩ ጊዜው ያለፈበት ይለወጥ። ኢንሱሊን ቦርሳው ውስጥ አይከተትም፣ ድሬ ላይ ይበላሻል። በረጠበ አሸዋ በተከበበ የሸክላ ማሰሮ ይቀመጥና ማውጣቱ ለአንድ የታወቀ ሰው ይሰጥ።

መዋጮና ደንብ

በብዙ እድር አካል ጉዳተኛው ጎልማሳ በእናቱ ሥር የተመዘገበ ነው። እናት ስትሞት እድሩ በክብር ይቀብራታል፣ ልጁም በዚያው ቀን ከእድር ይወጣል። ይህን ቅሬታ ስናነሣ «ማን ያስወጣዋል?» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ደንቡ ነው የሚያስወጣው። በራሱ ስም፣ በራሱ ቁጥር ይመዝገብ። መዋጮው ከበዛበት በሥራ ይካካስ። የስልክ ሰንሰለቱን የሚመራ ሰው ሲፈለግ ቁጥሩን በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር አባል ከማንም ይበልጣል፤ መብራት ቢጠፋ እሱን አያሳስበውም።

ገንዘቡም ለቀብር ብቻ የታሰረ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ ማስገባት ይበቃል፦ በአደጋ ቀን ከዳኛው፣ ከጸሐፊውና ከገንዘብ ያዡ መካከል ሁለቱ ተስማምተው የተወሰነ ብር ያለ ስብሰባ እንዲያወጡ፣ ደረሰኙም በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀርብ። በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኝ አባል ካለ ስሙን ከቀበሌው ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። የመንግሥት ግዴታ በእድር አይተካም፤ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 11 አካል ጉዳተኞችን በአደጋ ጊዜ መጠበቅን በመንግሥት ላይ ጥሎታል። የእድሩ ዝርዝር ቀበሌው ደጃፍ ላይ ሲቀርብ ይህ አንቀጽ አብሮ ይጠቀስ።

ነጥቡን ለየብቻው ለሚፈልግ፦ ዕቃ አራት ተኩል፣ የሰው ብዛት አራት፣ መጠለያ ሦስት፣ ጥሪ አንድ ተኩል፣ ማንሣት አንድ፣ ዝርዝር ዜሮ። የሴቶች እድሮች ዕቃቸው ያነሰ ቢሆንም ቤት ለቤት ስለሚተዋወቁ ዝርዝሩን ከሌሎቹ ቀድመው ሊሞሉት ይችላሉ።

መግቢያ ከፍላችሁ አዲስ እድር ልትገቡ ከሆነ ጸሐፊውን እነዚህን ጠይቁ፦ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ስንት ሰው ጋር ነው? ከደቻቱ በየትኛው ወገን? ባለፈው ክረምት አንድ ሰው በቃሬዛ ለልምምድ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? ለሦስተኛው «ማንም አልሞተም እኮ» የሚል መልስ ከሰጣችሁ፣ መግቢያውን ከመክፈላችሁ በፊት የሚቀጥለው ሰፈር እድር ጋርም እለፉ።